ከጭላሎ ጀርባ የቆመች ነጥብ

እኛ ክፉ ወሬ አንናገርም። እንሰበሰባለን እንጂ። ሌላው ዓለም ስልክ አንስቶ «አባትዎ አርፈዋል፣ አዝናለሁ» ብሎ ይዘጋል አሉ፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ቢገኝ ከሟቹ ይልቅ መነጋገሪያ የሚሆነው እሱ ነው። የኛ መርዶ ሥርዓት አለው። ባለቤቱ እንዳይሰማ እየተባለ አገር ሁሉ ይሰማል። ራቱን በልቶ፣ እንቅልፉን ተኝቶ እንዲያድር ይደረጋል። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ይደርሳሉ፤ ማንም ምንም አይልም። እናንተም ማለዳ በራችሁን ስትከፍቱ የእድሩን ዳኛ፣ ቄሱን ወይም ሼሁን፣ ከነሱም ኋላ ዓመት ሙሉ ያኮረፋችሁትን ጎረቤት አንድ ላይ ቆመው ካያችኋቸው፣ «ምን ሆነ?» ብላችሁ አትደክሙም። የምትጠይቁት «ማን?» ብላችሁ ነው።

ይህን የመሰለ ሥርዓት ባለፈው ጥር አንዲት ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ ዕቃ አተራመሰችብን። እዚሁ አሰላ፣ እኛው ሰፈር። ዕቃዋን ከመውቀሴ በፊት ግን ጎረቤቴን ሁሴንን ላስተዋውቃችሁ፤ ነገሩ የሚጀምረው ከሱ ነውና።

ሁሴን በጉብዝናው ዘመን በሰብል ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ትንንሽ አውሮፕላኖች መካኒክ ነበር፤ ኋላም ራሱ አበረራቸው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ላም ይገዛል፣ ወይም ከወንድሙ ጋር የሚካሰስበት መሬት ይፈልጋል። እሱ ግን አንድ የውጭ አገር የእርሻ ባለሙያ ወደ አገሩ ሲመለስ መጋዘን ውስጥ ጥሎት የሄደውን ግላይደር አንስቶ መጠገን ጀመረ። ግላይደር ማለት ሞተር የሌለው አውሮፕላን ነው። ይህን ስነግራችሁ ፊታችሁ ላይ የመጣውን ነገር አውቀዋለሁ፤ የሰፈራችንም ሰው ፊት ላይ መጥቶ ነበር። ረጃጅም ክንፎች፣ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ጠባብ ሆድ፣ በቃ። ከከተማው በታች ባለው ሰፊ ማሳ ላይ፣ ስንዴው ከታጨደ በኋላ፣ በአሮጌ የአይሱዙ ሞተር የሚጠቀለል ረጅም ገመድ ሽቅብ ይስበዋል። ከፍ ሲል ገመዱን ይለቅና ፀሐይ ካሞቀችው ገለባ ላይ የሚነሳውን አየር እየፈለገ እንደ ጭልፊት ይዞራል። አየሩ ካለ ይወጣል። ከሌለ ይወርዳል። «ማሳው ሳትደርስ ብትወርድስ?» ስለው «አርሲ ሁሉ ማሳ ነው» ይለኛል።

በአገራችን እንኳን ሰማይ ምድርም ያለ ዋስ አይገኝምና፣ ፈቃድ ሊያወጣ ሲል ዋስ ተጠየቀ። ዋሱ እኔ ሆንኩ። ውሉ አጭር ነበር፤ ከጭላሎ ወዲህ እንጂ ወዲያ አይሻገርም። ከተራራው ጀርባ አየሩ ድንገት እንደሚክድ፣ ለመድረስም መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም እንደሆነ የነገረኝ ራሱ ነው። እፊቴ ቆሞ ማለ፤ ፈረምኩለት። ዋስነት እንግዲህ የታወቀ ነው። የሚበረው ሌላ ሰው ነው፣ የምትወድቁት እናንተ ናችሁ።

ሚስቱ ሩቂያ የበቆጂ ልጅ ናት። ሁሴን ደግሞ መሬት ላይ ሲሆን ዝግ ያለ ሰው ነው። ከመስጊድ ወጥቶ ቤቱ እስኪገባ የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ የሰፈሩን ሰው ከብት ሳይቀር፣ ሰላም ሲል ምሳው ይቀዘቅዛል። ወደ ማሳው የሚሄድ ቀን ግን የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ነው የሚወጣው። «ሰው ሁሉ በሚሮጥበት አገር ተወልጄ የማይሮጥ ሰው አገባሁ» ትላለች ሩቂያ። «ወደሷ ሲሆን ይከንፋል፣ ወደኔ ሲሆን ይጎተታል።» እሷ የምትላት ግላይደሯን ነው። እየሳቀች ነው የምትለው፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ ባለቤቴ አስካለ ነግራኛለች። ሴቶች የዚህ ዓይነቱን ነገር አጥር ለአጥር ይሰማሙበታል።

ወደ ዕቃዋ ልምጣ። የላከችለት ውጭ አገር ያለችው ልጁ ናት። የበረራ መቅረጫ ነው ስሟ፤ በጂፒኤስ ትሠራለች። ከሳተላይት እየጠየቀች የት እንዳለ፣ ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ትይዛለች። ኮምፒውተር ላይ ሲሰኳት የዋለበትን ሁሉ በመስመር ስላ ታሳያለች። በዚያ ላይ ሲም ካርድ አላትና ኔትወርክ ባገኘች ቁጥር ያለበትን ቦታ በቀይ ነጥብ ስልክ ላይ ትልካለች። ነጥቧን እንድናይ የፈቀደው ለሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ገመዱን የሚጠቀልለውና ሌላ ማሳ ላይ ሲወርድ በአይሱዙ ሄዶ የሚያመጣው ሙክታር ነው። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ለኔ የሰጠኝ ለዋስነቴ ክብር ያህል ነው፤ በስልክ ከመደወል ሌላ የማውቀው ነገር ያለ አይመስለውም። ለሩቂያ ግን እንዳልነግራት አስጠነቀቀኝ።

«ነጥቧ የቆመች ቀን የሷም ልብ ይቆማል» አለኝ።

«የኔስ?»

«ያንተ የእድር ልብ ነው። ለምዷል።»

የእድራችን ጸሐፊ ነኝ። ምን ብዬ ላስተባብል?

ቅዳሜ ነበር። ሰማዩ ጠርቷል፣ ነፋሱ ከቆላው ሽቅብ ይነፍሳል። በረንዳዬ ላይ ወንበር አውጥቼ ስልኬን ጉልበቴ ላይ አስቀምጫለሁ። ነጥቧ ከማሳው ተነሳች፣ ዞረች፣ ዞረች፣ ከፍ አለች፣ ወደ ጭላሎ ተጠጋች። እስከዚህ ድረስ ደህና ነው፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ የምበረው እኔ ነበር የሚመስለኝ። ከዚያ ተራራውን አለፈችው። መጀመሪያ ስልኩን ጠረጠርኩትና አጥፍቼ አበራሁት። ነጥቧ ወዲያ ማዶ ናት፤ ጭራሽ ወደ ጢቾ አቅጣጫ ትገሰግሳለች። የዋስ ደሜ ፈላ። ሲመጣ የምለውን በልቤ ማዘጋጀት ጀመርኩ፤ ጥሩ ንግግርም ወጥቶኝ ነበር። መሐል ላይ ከነጥቧ ጎን ያለው የከፍታ ቁጥር መውረድ ጀመረ። ወረደ። አሁንም ወረደ። ያዘጋጀሁትን ንግግር ረሳሁት። ቁጥሩ እንደ ሰከረ ሰው ቁልቁል ሄዶ ሄዶ ቆመ። ነጥቧም ቆመች።

ጠበቅሁ። ሰው ሲወርድ ትንሽ ይንቀሳቀሳል ብዬ ጠበቅሁ። አልተንቀሳቀሰችም። ደወልኩለት፤ ያቺ ሁላችንም የምናውቃት ሴት ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል በትሕትና ነገረችኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ትሕትናዋን ደገመችልኝ። ሙክታር ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ነጥቧን ተከትሎ መንገድ መጀመሩ ገባኝ። በአገሪቱ ላይ መኪና ሲነዳ ስልክ የማያነሳ አንድ ሹፌር ቢኖር ሙክታር ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ ሹፌር የሚገጥማችሁም እንዲህ ባለው ቀን ነው።

በዚህ መሐል ከአጥሩ ወዲያ የሩቂያ ስልክ ጮኸ። ቀጥሎ ድምጿን ሰማሁት፤ ምን እንደምትል አይለይም፣ ኦሮምኛ ነው፣ ዝቅ ብሏል። ከዚያ ሳቀች። ረጅም፣ የልጅነት ሳቅ። የትኛዋ ወዳጇ ትሆን የደወለችላት አልኩ። ይህቺ ሴት ከዛሬ በኋላ እንዲህ አትስቅም ብዬ እንባዬ መጣ። ወዲያው ማንጎራጎር ጀመረች፤ ሽንኩርት የምትከትፍበት ድምፅ ከዜማዋ ጋር ይሰማኝ ነበር። የዚያን ሰዓት ያህል አጥር የሚባል ነገር ከብዶኝ አያውቅም።

አጥሩ ላይ ቆሜ ልጠራት እችል ነበር። ምን ብዬ? «አንድ ነጥብ ቆማለች» ብዬ? በዚያ ላይ ቃል አለብኝ። ስለዚህ የአገሬ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደምሴ ዘንድ ሄድኩ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ተቀበሉኝ። ሼሁ ተጠሩ። ሁለት ሽማግሌዎችም ሳይጠሩ መጡ። ጭንቅላታችን በአንዲት ቀይ ነጥብ ላይ ገጥሞ ስንጠብቅ፣ ነጥቧ ተንቀሳቀሰች።

«አልሃምዱሊላህ» አሉ ሼሁ።

ደስታችን ግን አልቆየም። አካሄዷ የመኪና አይደለም። ቀስ ብላ፣ እጅግ ቀስ ብላ ወደ ዋናው መንገድ ትሄዳለች። ጥቂት ትሄድና ትቆማለች። እንደገና ትነሳለች። ትቆማለች። ጋሽ ደምሴ ስልኩን ቀስ አድርገው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። በዕድሜያቸው ስንቱን ሸኝተዋል።

«ቃሬዛ ነው» አሉ። «የምትቆመው ትከሻ ሲቀያየሩ ነው።»

«ተጎድቶ ወደ ጤና ጣቢያ እየወሰዱት ይሆናላ» አልኩ።

«ልጄ፣ ነፍስ ያለው ሰው ቢሆን ይሮጡበት ነበር። ይህ የቀብር እርምጃ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከዚያ ወዲያ ነጥቧን ያየ የለም። እኔ ያን ጊዜ የታየኝ ፊርማዬ አልነበረም፤ ጫማውን ሳያስር ሲወጣ ነው የታየኝ። ነገሩን እንቀበለው ከተባለ በኋላ ወደ ሥርዓቱ ገባን፤ ሥርዓት እኮ ጥሩ ነገር ነው፣ ሰው የሚያደርገው ሲያጣ የሚያደርገውን ይሰጠዋል። ጋሽ ደምሴ መርዶ በማለዳ ነው አሉ። ሼሁ አይሆንም አሉ፤ የእስላም ቀብር አያድርም፣ የጢቾ ሰው ደግሞ ወገኑን መንገድ ላይ አያሳድርምና ዛሬውኑ ይቀብሩታል፤ ሩቂያ ሳትደርስ አፈር ከለበሰ ዕድሜ ልኳን እኛን ስትረግም ትኖራለች። እውነት ነው። ስለዚህ አሁኑኑ ይነገራት፣ መኪና ይዘጋጅና ትወሰድ ተባለ። ምግብ ቀምሳ እንደሆነ፣ እሳትም እንዳልጣደች እንድታይ አስካለን ሰበብ ፈጥረን ላክናት።

አስካለ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተመለሰች። «አልበላችም» አለች። «ምን የመሰለ ወጥ ሠርታለች። ብይ እንጂ ብላት፣ ከሱ ጋር ነው የምበላው፣ ማታ ይመጣል አለችኝ። ደግሞ ደስ ብሏታል፣ ምን እንዳገኘች እንጃ።»

ሼሁ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ፀሐይ ወደ ዝዋይ ስታዘቀዝቅ ተነሳን። የእድሩ ጎረምሶች ድንኳኑን በጋሪ አምጥተው፣ በሹክሹክታ ትከሉ ስለተባሉ፣ ብረቱን ከብረት እያጋጩ ሰፈሩን ሁሉ እያሰሙ በሹክሹክታ ተከሉት። ጋሽ ደምሴ ከፊት፣ ሼሁ ከጎናቸው፣ እኔ ከኋላ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኛ በኋላ። ሁለት ጠንካራ ሴቶች ስትወድቅ ሊይዟት ተመድበዋል። ቆርቆሮው በር ጋ ደረስን። ጋሽ ደምሴ አንኳኩ።

ሩቂያ እየሳቀች ከፈተች። እጇ ላይ ማማሰያ ይዛለች። ጋሽ ደምሴን አየች። ሼሁን አየች። ሴቶቹን፣ ነጠላውን፣ ከኋላችን የቆመውን ድንኳን አየች። ማማሰያው ከእጇ ወደቀ።

«ያ ሃዳ ኮ» አለች። እናቴን ማለቷ ነው። በቆጂ ያሉት አሮጊት እናቷ ክረምቱን ታመው ከርመዋል። «እናቴን! ሳላያት! ሳላያት ሄደች!» ብላ መሬት ላይ ወረደች፤ የተመደቡት ሴቶች እንኳ አልደረሱባትም።

ይህ በሥርዓቱ ውስጥ የለም። ጋሽ ደምሴ እኔን ያያሉ፣ እኔ ሼሁን አያለሁ። ሴቶቹ ማልቀስ ያለባቸው መሆኑን ያውቃሉ፣ ለማን እንደሆነ ግን ጠፋቸው።

«የለም፣ የለም ልጄ» አሉ ጋሽ ደምሴ ጎንበስ ብለው። «እናትሽ አይደሉም።»

ቀና አለች። ፊቷ በእንባና በአቧራ ተለውሷል። «ማን?» አለች።

እኔ ነበርኩ ጎረቤቷ፣ ዋሱም እኔ ነበርኩ። «ሁሴን» አልኩ።

«ሁሴን? ሁሴንማ ቅድም ደወለልኝ» አለች። «ስልኩን ብርዱ ገድሎበት በገበሬ ስልክ ነው የደወለው። ጢቾ በታች ወርጃለሁ፣ ደህና ነኝ፣ ሙክታር ይመጣልኛል፣ ለጋሽ ጌታቸው ግን እንዳትነግሪ፣ ዋሴ ስለሆነ እኔ ራሴ…» አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሽ ጌታቸው እኔ ነኝ። እኔን «ለሷ እንዳትነግራት» ብሎኛል፤ እሷን «ለሱ እንዳትነግሪው» ብሏታል። እኔ ያለቀስኩለት ሳቅ የሱ ስልክ ነበር። ሁለታችንም ቃላችንን ጠብቀን፣ አንድ አጥር ተደግፈን፣ እሷ ወጥ ስትሠራ እኔ ቀብር ሳዘጋጅ ዋልን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛስ ምኑን እንልቀመው?

ሩቂያ ግን እኛን ማመን አልቻለችም። መርዶ ነጋሪ እናትሽ ደህና ናት ሲል ማን ያምነዋል? በቆጂ ተደውሎ፣ አሮጊቷ ራሳቸው ስልኩን ይዘው ለምን በዚህ ሰዓት እንደተረበሹ በቁጣ እስኪጠይቁ ድረስ ከመሬት አልነሳም አለች። ከዚያ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ቀጥሎም ተቆጣች፤ ለሁሉም ተራ ሰጠችው። ድንኳኑን አንሱልኝ ስትል ጋሽ ደምሴ ከበዳቸው። የተተከለ ድንኳን ሰው ሳይቀምስበት ባዶውን ማንሳት ገድ አይደለም አሉ። እውነቱን ለመናገር እኛም መቀመጥ ፈልገን ነበር። ስለዚህ ሩቂያ ለባሏ የሠራችውን ወጥ አወጣችና በራሱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን በላንለት።

ገና እየበላን ነው የአይሱዙው ድምፅ የመጣው። ከመታጠፊያው ጋ ቆመ፤ ከኋላው የሚጎትተው ረጅም ነገር ወደኛ መንገድ በአንዴ አይታጠፍም። ሁሴን ከጋቢና ሲወርድ ከድንኳኑ አፍ ሆኜ አየሁት። ወገቡን ያዝ አድርጎ ተንጠራራ። ቀና ሲል የእድሩን ድንኳን ደጁ ላይ አየ። በመሸ ጊዜ፣ በሩ ክፍት፣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው።

በሩ ላይ ያላየው አንድ ሰው ብቻ ነው።

እጄን አነሳሁ። እሱ ግን መሮጥ ጀምሮ ነበር። ያን ጠጠር ኮብልስቶን ጃኬቱ እየተውለበለበ ወረደበት። አንድ ጫማው ወልቆ ቀረ፤ አልተመለሰለትም። ድንኳኑ ጋ ሲደርስ ሁላችንንም በየተራ አየንና፣ ትንፋሹ እንደተቆረጠ፣ ያችን አንዲት ቃል አወጣት።

«ማን?»

መርዶ ስንነግር ከኖርነው ሽማግሌዎች አንድ እንኳ የሚመልስ ጠፋ። ሞትን የምንናገርበት ሥርዓት አለን፤ ማንም እንዳልሞተ የምንናገርበት ሥርዓት የለንም። ዝም ባልን ቁጥር የሰውየው ፊት አመድ እየሆነ ሄደ። ያን ጊዜ ሩቂያ ሳህን ይዛ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁሴን አያት። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ተነስ» አለችው ቀስ ብላ። «ሰው እያየህ ነው።»

የሆነውን በኋላ ነገረን። ከተራራው ጀርባ አየሩ ከዳው፤ ባገኘው የታጨደ የገብስ ማሳ ላይ ወረደ። መኪና እዚያ ስለማይገባ ክንፎቹን ፈታ፣ የመንደሩም ሰው የግላይደሯን ሆድ በትከሻው ተሸክሞ፣ እየተቀያየረ፣ እስከ ዋናው መንገድ ሸኛት። ዕቃዋ ውስጧ ነበረች። ጋሽ ደምሴ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው፤ ቃሬዛ ነው ማለታቸው አልተሳሳቱማ። መንገዱ ላይ ሲደርሱ ሁሴን ዕቃዋን ነቅሎ ጃኬቱ ኪስ ከተታት። ማጥፋቱን ረሳው።

በማግስቱ እነሱ ቤት ተሰብስበን ኮምፒውተሩ ላይ ሰካት። ሊያሳየን የፈለገው ጭላሎን የተሻገረበትን ከፍታ ነበር፤ እኔን ይቅርታ ጠይቆኝ ሳይጨርስ እንኳ ይኩራራበታል። ሩቂያ ዙሩንም ከፍታውንም አላየችም። ጣቷ መስመሩን ተከትሎ ከአስፋልቱ መታጠፊያ እስከ በራቸው ያለችው ቁራጭ ላይ ቆመ። ከጎኗ የሮጠበት ፍጥነት ቁጥር ተጽፏል። ያች ዕቃ የት እንዳለን እንጂ እንዴት እንዳለን አታውቅም እያልኩ ሌሊቱን ስሰድባት ነበር ያደርኩት። እዚያች ቁራጭ ላይ ስደርስ ስድቤን ዋጥኩት።

«ሳተላይት አንዳንዴ ይስታል» አለ ሁሴን ጆሮው ቀልቶ።

ሩቂያ ጣቷን አላነሳችም። «ይህ በቆጂ ነው እንዴ?» አለችው።

ከዚያ ወዲህ ነጥቧን የምታየው እሷ ናት። እኔ ዋስነቱን ይዤ ቀርቻለሁ።